ሐይቁ የዋጣት ደሴት

«አሰመጥሽን እኮ!» አለች አክስቷ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተክላ። «ቤቴስ? ፍየሎቼስ?»

ካርታ ሠሪዋ ክው አለች። እውነትም ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፤ ትናንት በገዛ እጇ የሣለቻት ደሴት ድራሿ ጠፍቷል። ከኋላቸው ደግሞ የጀልባ ድርጅቱ ኃላፊ ቆሟል። አዲሱ ጀልባ የት የት እንደሚቆም ዛሬ ይህን ካርታ እያየ ይወስናል፤ አክስቷም በጠዋት ታንኳ ቀዝፋ የመጣችው ለዚሁ ነው።

«የሌለ ቦታማ አላቆምም» አለ ሰውየው፣ ፈገግታውን አፍኖ።

«የሌለ? እኔ ታዲያ ከየት መጣሁ? ከሰማይ ዱብ አልኩ?»

ካርታ ሠሪዋን ላብ አጠመቃት። ካርታው እንደ አልጋ ልብስ በላይ በላዩ የተነጠፈ ነው፤ መሬቱ ለብቻ፣ መንገዱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ። ማታ የሐይቁን ቀለም አሳምራለሁ ስትል ውሃውን ከሁሉም በላይ አንጥፋው ኖሯል። ያዘችና ወደ ታች ጎተተችው። ደሴቷ ብቅ አለች።

«እፎይ! ተመስገን!» አለች አክስቷ። ወዲያው ግን ዓይኗን አጥብባ ተጠጋች። «ይቺ ናት እንዴ? ዝንብ ያረፈች መስሎኝ ላባርር ነበር።»

«አክስትዬ፣ በልኳ እኮ ነው የሣልኳት።»

«ይሁን። እዚያ ማዶ ግን የጀልባ ምልክት አድርገሻል። ለእኛ ሲሆን ቀለም አለቀብሽ?»

«ምልክቱ የሚደረገው ጀልባ የሚቆምበት ነው። እናንተ ጋ ገና አይቆምም።»

ይህን ስትል አፏ መረራት። ልጅ ሳለች ትምህርት ሲዘጋ የምትሮጠው ወደዚያች ደሴት ነበር። ቢሆንም ያልሆነውን ሆነ ብላ አትሥልም። ስለዚህ ገና ለታሰበ ነገር የሚደረገውን ምልክት አስቀመጠች፤ ጠርዟ ብቻ የተሠመረ፣ ውስጧ ነጭ የሆነ ትንሽ ጀልባ።

አክስቷ ወደ ኃላፊው ዞረች። «አየሃት የኔ ልጅ? ባዶዋን ቆማ። አንጀት አትበላም?»

ሰውየው ሳቁ አመለጠው። ጀልባዋን አየ፤ እስከ ጉልበቷ የራሰውን የአክስቷን ቀሚስም አየ። ማጅራቱን አከክ አከክ አደረገና «በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለጊዜው» አለ።

«አፌ ቁርጥ ይበልልህ!»

ካርታ ሠሪዋ አንዴ ጠቅ አደረገች። ነጯ ጀልባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀለም ሞላች።