ያልቆሸሸው የትራስ ልብስ

በዚያ ዘመን የሕክምና ክፍያ በእንቅልፍ ነበር። ታሪፉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ያለው ግን የሌላ ሰው እንቅልፍ ገዝቶ ይከፍላል። ልብስ አጣቢዋ ትብለጥ የልጇን አስም ያሳከመችው በገዛ እንቅልፏ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ዐይኗን አልከደነችም።

ጠዋት አሠሪዋ እትዬ ውድነሽ እያዛጉ የትራስ ልብሳቸውን አቀበሏት።

“የከርሞ እንቅልፍሽን ለጉልበቴ ቀዶ ጥገና ብትሸጪልኝስ?”

“እሱንም ለልጄ ከፍዬዋለሁ፣ እትዬ።”

እግሯን እየጎተተች ቤቷ ስትመለስ የራሷ የትራስ ልብስ እንደታጠበ ነው። እንደ ልማዷ የፀጉር ቅባት አሸችበትና አጨማደደችው።

ልጇ ከትምህርት ቤት ስትገባ ቅባቱን አይታ ፊቷ በራ።

“እሰይ፣ እማዬ! ዛሬም ተኝተሻል።”

“ለጥ ብዬ ነዋ!” አለቻትና የትራስ ልብሱን ሳፋው ውስጥ ነከረችው።