ሰውን ከድኩላ የሚለይ መነጽር

ነስሮ የሙባረክን ወንድም አሚንን አደን ላይ ተኩሶ የገደለው «ድኩላ መስሎኝ ነው» ብሎ ነበር። ቁርኣን ይዞ ማለ፤ ሽማግሌዎቹም አመኑት። ሙባረክ ግን አላመነም። ሁለት ዓመት ቂሙን በሆዱ ይዞ ከርሞ፣ ጠመንጃውን ወለወለና የርቀት መነጽር ሊገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ወጣ።

«ሰውን ከድኩላ የሚለይ ይሁን፣ አዴ» አላቸው ነጋዴዋን አዴ ሳዳን። ሁለቱንም ወንድማማቾች ከልጅነታቸው ያውቋቸዋል።

ሦስት መነጽር ይዘው አብረውት ሰገነት ላይ ወጡ። የመጀመሪያው መስታወቱ ጉም ቋጥሯል። ሁለተኛው ዳር ዳሩን ያንሻፍፋል። ሦስተኛውን ከከተማው ባሻገር ወዳለው ተራራ ወደ ሐኪም ጋራ ሲያነጣጥር፣ ነስሮ እዚያ እርሻው ላይ ጫቱን ሲቀነጥስ የግንባሩ ላብ ሳይቀር ታየው።

«ነገ» አለ ሙባረክ በልቡ፤ ደስም አለው።

ወዲያው ከጫቱ መሃል በነጭ ከፈን የተጠቀለለ ሰው ብቅ ብሎ ከነስሮ ጀርባ ቆመ። ፊቱ ተገልጧል። ሙባረክ ያንን ፊት በገዛ እጁ አጥቦ ቀብሮታል።

መነጽሩን ለአዴ ሳዳ ሰጣቸው። እሳቸውም ረጅም ጊዜ አዩ።

«ነስሮ ወድቋል፤ አይንቀሳቀስም» አሉ ቀስ ብለው። «የቆመው ወላሂ አሚን ነው። አሚን ሞቶ የለም እንዴ፣ ልጄ?»

«ሞቷል፣ አዴ።»

«ታዲያ ምነው በእጁ ይጠራሃል?»

ሙባረክ ቀና አለ። ጋራው ሩቅ ነው፤ እንኳን ሰው ቤትም አይለይበትም። የሚጠራው የአሚን እጅ ግን ያለ መነጽርም ታየው።