ለምራት ያልተከለከለ ቃል

ሾፌሩ ባሏ ወደ ጅቡቲ ሊነሳ ሲል፣ ዱራሜ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ቆሞ እንደ ልማዱ «ዠ ቴም» አላት። ፈረንሳይኛው «እወድሻለሁ» ማለት መሆኑን ልጃቸው ገና ትናንት ነግራት ነበር።

መልሱ ቸገራት። በከምባትኛ የመውደድ ቃል አጀማመሩ ከአማቷ ስም ጋር አንድ ነው፤ በአገሩ ልማድ ደግሞ ምራት አጀማመሩ የአማቶቿን ስም የሚመስል ቃል ከአፏ አታወጣም። በአማርኛ ማለቱም ለቀበሌ ማመልከቻ እንደ ማስገባት ሆነባት።

የቆጮ ስንቁን አቀበለችው፤ እጇን ግን ከጥቅሉ ላይ አላነሳችም። «ዠ ቴም» አለችው ቀስ ብላ። እሱም ጥቅሉን አልሳበም።

በረንዳው ላይ የተቀመጡት አማቷ «ምን አለችህ?» ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸው።

«እስቲ እኔንም አስጠኑኝ» አሉ አሮጊቷ። «እኔም ቃሉ የተከለከለብኝ ምራት ነበርኩ፤ አባትህ ከአፌ ሳይሰማው ሞተብኝ።»