በሩ ላይ ያለው መስመር

ዴልበርት የአባቱ የኦሪን እጅ የሚንቀጠቀጠው በመጠጥ ምክንያት ነው ብሎ አርባ ዓመት ሙሉ አምኖ ነበር። በአሜሪካዋ የፍሊንት ከተማ በመኪና ፋብሪካ፣ በየመኪናው ጎን ጥቁር መስመር ሲቀቡ ያረጁትን ሰው በጡረታ ግብዣቸው ላይ፣ በባልደረቦቻቸው ፊት «ሰካራም» ብሏቸዋል። ነርቫቸውን የጎዳው የቀለሙ ትነት እንደነበር ከሐኪም ወረቀት ያነበበው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ከጸጸት ይልቅ ቂም ቀለለው።

አሁን አባቱ ይሠሩበት ከነበረው ፋብሪካ የወጣ የ1970 ሞዴል መኪና፣ ለአሮጌ መኪኖች የእድሳት ውድድር እያደሰ ነው። ሁለት ጊዜ የቀለም መከለያ ፕላስተሩን ለክቶ፣ ቀጥ አድርጎ ለጥፎ ቀባ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፕላስተሩ ሲነሳ መስመሩ በሩ ላይ ተዛንፎ ተገኘ።

«ተወው እንጂ፣ አንተ ግትር!» አለችው ሚስቱ ናዲን እየሳቀች። «ዳኞቹ የሚወዱት ያኔ ፋብሪካው ውስጥ በእጅ እንደተቀባው የተዛነፈውን ነው። ቀጥ ካለማ ነጥብ ይቀንሱብሃል።»

«በዚያ ሽማግሌ እጅ ከማሸነፍ በራሴ እጅ ብሸነፍ ይሻለኛል።»

«አባትህ እኮ ናቸው።»

«ለዚያ ነዋ!»

ለሦስተኛ ጊዜ ቀብቶ ፕላስተሩን አነሳ። መስመሩ ቀጥ ብሏል። ሁለቱም ቆመው እያዩት ግን እርጥቡ ቀለም ከበሩ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ይዛነፍ ጀመር፤ የማይታይ ሰው እየተጠነቀቀ፣ ላለመሳሳት እየታገለ የሚቀባው ይመስላል። ናዲን አፏን በእጇ ያዘች።

ዴልበርት ጨርቅ አነሳ፤ መስመሩ በሩን ተሻግሮ ሳይጨርስ ጠረገው።