የተነሳው ይለፍ ቃል

ሀምዲያ ሳሎን ተቀምጣ ባሏ ከሆሞሻ ሽማግሌዎች የቀዳቸውን የበርታ ተረቶች ወደ ላፕቶፗ ልትገለብጥ ስትል፣ ላፕቶፑ ዛሬም የባሏን ኮምፒውተር ይለፍ ቃል ጠየቃት። የልጆቻቸውን ስም ሞከረች፤ የሠርጋቸውን ቀን ሞከረች፤ እምቢ አላት። ተረቶቹ ያሉበት ኮምፒውተር ከግድግዳው ማዶ፣ በሟቹ ባሏ ክፍል ውስጥ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነላትም።

ሊረዳት የመጣው የባሏ የሥራ ባልደረባ ጂራታ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«እትዬ ሀምዲያ፣ በከንቱ ነው የደከሙት። ይለፍ ቃል የለውም እኮ! ይለፍ ቃል ከሌለው ደግሞ በሌላ ኮምፒውተር በኩል አያስገባም። እዚህ መጥተው ከተቀመጡ ግን ወዲያው ይከፈታል።»

«ነበረው። ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም።»

«ጋሼ ራሳቸው አንስተውታል። ቀኑም ተመዝግቧል፤ ግንቦት ሃያ ሰባት ይላል።»

ሀምዲያ ቀኑን አስታወሰችው። በማግስቱ፣ ግንቦት ሃያ ስምንት ጠዋት፣ ባሏን በባጃጅ እስከ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝታው ነበር። አዲስ አበባ የሚሄደው ለምርመራ ብቻ እንደሆነ ነግሯት፣ እንባዋ ሲመጣ ደግሞ «ለአንድ ሳምንት ነው እንዴ የምታለቅሺው?» ብሎ ስቆባት ነበር። እሷም አምናው፣ አብራው ስቃ፣ ሳታቅፈው ተመለሰች። እሱ ግን በሕይወት አልተመለሰም።

«ያውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ» አለ ጂራታ፣ ስለ ኮምፒውተር የምታወራ መስሎት። «ጎበዝ ነበሩ።»

ሀምዲያ አላረመችውም። ላፕቶፗን ዘጋችና ወደ ባሏ ክፍል ገባች።