የጋቢናው ወንበር

ፈዲሉ አምቦ ውስጥ የመኪና ብልሽት በኮምፒውተር የሚያነብ መካኒክ ነው። አምና የጨርቅ ነጋዴዋ ሐምዲያ የስድስት ዓመት ልጇን ሩዋይዳን በኩፍኝ አጥታ በቀበረች በሁለተኛው ወር፣ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የሚበራው መብራት አልጠፋ ብሏት መጣች። ማንበቢያ መሣሪያውን ሲሰካ የወንበሩ ክብደት መለኪያ ሴንሰር መበላሸቱን የሚናገር ኮድ ወጣ፤ ባዶው ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ይነበብ ነበር። ሴንሰሩን ቀይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ ሸኛት።

ዛሬ ከጌዶ ገበያ ስትመለስ መብራቱ ዳግመኛ በርቶባት ወደ ፈዲሉ መጣች። ፈዲሉ ወንበሩን በዓይኑ ፈተሸ፤ ባዶ ነው። ማንበቢያውን ሰካ። አሁን ምንም ኮድ የለም፤ ሁሉም ደህና ነው። ክብደቱ ብቻ ሃያ ሁለት ኪሎ ይላል።

"ስንት አለ?" አለችው ሐምዲያ።

"ሃያ ሁለት።"

ሐምዲያ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለች። "ሩዋይዳ ጤና ጣቢያ ለመጨረሻ ጊዜ ስትመዘን አሥራ ዘጠኝ ነበረች። በዚህ ዕድሜ በዓመት ሦስት ኪሎ ይጨምራሉ፣ አይደል?"

ፈዲሉ አራት ልጆች አሳድጓል። እውነቷን እንደሆነ ያውቃል።

"እህቴ፣ የሴንሰሩን ሽቦ ልንቀለውና መብራቱ ይጥፋልሽ።"

"ተው፣ አትንካው" አለችና በጋቢናው በኩል ዞራ ቀበቶውን ስባ አሰረችው። መብራቱ ጠፋ።

ቀበቶው ግን ወንበሩ ላይ አልተኛም። የልጅ ደረት ያህል ከፍ ብሎ ቆመ፤ ከዚያም እንደሚተነፍስ ደረት ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።