የጥላዬ አምባር

የባሕር ኃይሉ ማሽን እንዳለው፣ አውሮፕላኑ ረፋዱ ላይ ተመትቶ ባሕር ላይ ሲያርፍ የአብራሪው የጥላዬ ልብ ቆሟል። ዓሣ አጥማጁ ሁመድ ግን ተኩሱ አላስጠጋ ብሎት ተመለሰ እንጂ፣ ጥላዬ ቢጫ የጎማ ጀልባ ላይ ሆኖ እጁን ሲያውለበልብ በዓይኑ አይቷል።

በጦርነቱ ሕግ ሰው ሞተ የሚባለው ግራ እጁ ላይ ያለው አምባር ትርታ ሲያጣ ነው። ለሞተ ሰው ጀልባ አይወጣም፤ ሊፈልገው የወጣም አምባሩ ይዘጋል፤ የቤት ውሃ የሚታደለው፣ በርም የሚከፈተው በአምባር ነው።

ሚስቱ እታገኝ ቧንቧውን ከፈተች። ጠዋት ሁለት ጆግ የሞላው ቧንቧ አንዱን ብቻ ሞልቶ ቀጥ አለ። ወሬውን ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ወደቆመው ሁመድ ዞረች።

«ሁመድ፣ በየትኛው እጁ ነበር የሚያውለበልበው?»

«በግራው። ባዶ ነበር፣ እህቴ።»

«አውልቆታል! ጨው ሲነካው እጁን ያቆስለዋል። ትናንት እንኳ ቫዝሊን ቀብቼዋለሁ። አምባሩ ከአውሮፕላኑ ጋር ሰጥሞ ነው።»

«ማሽኑ ይህን አይሰማሽም። ነፋሱ ደግሞ ወደ ጠላት ዳርቻ እየገፋው ነው። እኔስ አምባር የለኝም፤ ለእነሱ ገና አልተወለድኩም። አንቺ ግን ከወጣሽ ይቺን ጆግም አታገኚ፣ በርሽም አይከፈትልሽ።»

እታገኝ አምባሯን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ውሃ የሞላውን ጆግ አቀፈች።

«እንግዲያው እኔንም ከሞቱት ይቁጠሩኝ» አለች። «ሞተርህን አስነሳ፤ አብሬህ እሄዳለሁ።»